የእኛ ‹ብሉ ክራሽ›

ወዳጆቻችን፣ ሰሞኑን አንድ የቆየ ፊልም አጣልቶናል። ‹ብሉ ክራሽ› ይባላል። በፈረንጆቹ 2002 ነው የወጣው፤ እኛ ደግሞ በእኛው 2002 ነው ያየነው። (የሰባት ስምንት ዓመት መዘግየት ካላንደራችንም ላይ ስላለ ማንም አልገረመውም።) ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ዲሽ ያለው ቤት ተሰብስበን፣ ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ እየሮጠ፣ ግማሹን እየሰማን ግማሹን እየገመትን አየነው። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት ሙሉ አልጋ ላይ ቆመን ማዕበል እንደጋለብን እኛና የአልጋው እንጨት እናውቃለን። ባሕር በዓይናችን ዐይተን የማናውቅ ልጆች!

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ታሪኩ ሃዋይ ውስጥ፣ ኦዋሁ በምትባለው ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። አን ማሪ (ኬት ቦስዎርዝ)፣ ኤደን (ሚሼል ሮድሪጌዝ) እና ሊና (ሳኖይ ሌክ) አብረው የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። የአን ማሪ እናት ጥላቸው ስለሄደች ታናሽ እህቷን ፔኒን የምታሳድገው እሷ ናት። ሴቶቹ ማልደው ባሕር ይወርዳሉ፤ ከዚያ ትልቅ ሆቴል ገብተው አልጋ ያነጥፋሉ፣ መታጠቢያ ቤት ያጥባሉ። አን ማሪ ‹ፓይፕላይን› በተባለው ማዕበል ላይ ልትወዳደር ነው። ይሄ ማዕበል ጥልቀት የሌለው የዐለት ወለል ላይ ሲደርስ ድንገት ተነሥቶ ይታጠፍና ውስጡ ባዶ ቱቦ ይሆናል። ጋላቢዋ ገብታ፣ ቱቦው ሳይዘጋባት መውጣት አለባት። ካልወጣች ከሥር የሚጠብቃት ድንጋይ ነው። አን ማሪ ደግሞ ከዚያ ቀደም ድንጋዩ ራሷን መትቷት ልትሰጥም ነበርና ፍርሃቱ አልለቀቃትም። በዚህ መሀል አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች መጣና ልቧን ከሁለት ከፈለው።

አሁን ሃያዎቹን ልንጨርስ ጥቂት ቀርቶናል። በቀደም ፊልሙን እንደገና አብረን ስናየው፣ ለካ እያንዳንዳችን የተለያየ ፊልም ስናስታውስ ነው የኖርነው። አንዷ የምታስታውሰው ማዕበሉን ብቻ ነው፤ ካሜራው ቱቦው ውስጥ አብሯት ሲገባ ትንፋሿ እንደቆመ ትናገራለች፤ ዘንድሮም ቆመ። ሌላዋ የምታስታውሰው ተጫዋቹን ነው። በስድስተኛ ክፍል ልታገባው ወስና ነበር። ዘንድሮ ስታየው «ይሄ'ኮ ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ ነው!» አለችና ሁላችንን አሳቀችን። ሦስተኛዋ የኤደን ወገን ናት። «ፍቅረኛማ ይገኛል፤ ከአልጋ ጎትታ አስነሥታ ‹ዛሬም ፈርተሽ ልትቀሪ ነው?› የምትልሽ ጓደኛ ግን ከየት ታመጫለሽ?» ትላለች። እንግዲህ በዚህ ማን ይከራከራታል?

ክርክሩ የጦፈው ሌላ ቦታ ነው። ተጫዋቾቹ የሆቴል ክፍላቸውን በሰው አፍ የማይነገር ቆሻሻ አድርገውት ይወጣሉ። አን ማሪ ሲበዛባት ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ በሰው ፊት ትነግራቸዋለች። ከሥራ ትባረራለች። እኛ እንደ ልጅነታችን አጨበጨብን። የአንዷ ጓደኛችን እናት አብረውን ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው ለብዙ ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ ናቸው። እሳቸው አላጨበጨቡም። «ደግ አደረገች፤» አሉ ቡናቸውን አስቀምጠው፤ «ግን ያቺን ትንሿን ማታ ምን ልታበላት ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ደግሞ ስለ ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ይህቺው የእሳቸው ልጅ ከእኛ ጋር ጋዜጠኝነት ተምራ የተመረቀች ናት። አሁን አንድ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ የባነርና የመግለጫ ጽሑፍ ትጽፋለች። ደመወዟ ቤት ኪራዩን ይከፍላል። ሰሞኑን ግን ያን ትታ በግማሽ ደመወዝ ዘጋቢ ልትሆን ነው። አንዳንዶቻችን «ግቢበት!» ብለናታል። አንዳንዶቻችን «እብድ ነሽ» ብለናታል። እናቷ እስከዚያች ቀን ምንም አላሉም ነበር።

እኛም ያን ማታ ፊልሙን በእሳቸው ጥያቄ መመርመር ጀመርን። ‹ብሉ ክራሽ› ለጥያቄው ምን መልስ ሰጠ? ሀብታም ወንድ! ተጫዋቹ ማዕበል መጋለብ እንድታስተምረው ገንዘብ ይከፍላታል፤ የኪራዩም የእራቱም ነገር ቀስ ብሎ ከፊልሙ ይጠፋል። የሆሊዉድ ቤት አከራይ ደግ ነው፤ የእኛ ሰፈር አከራዮች ይህን ፊልም ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። አንዳንዶቹን አስፈሪ የፓይፕላይን ማዕበሎች ዋናዋን ተዋናይ ተክቶ የጋለበው ኖአ ጆንሰን የተባለ፣ ዊግ የደፋ ወንድ ነው! የማዕበል ወዳጇ ይህን ስትሰማ እንደተከዳ ሰው ሆነች። ግን በፍርድ አንቸኩል። እንደ ሮሼል ባላርድ ያሉ እውነተኛ ሴት ጋላቢዎችም ተክተዋታል፤ ኪያላ ኬኔሊ ደግሞ በገዛ ስሟ ፊልሙ ውስጥ አለች። መጨረሻ ላይ ተፎካካሪዋን አን ማሪን «ያን ትልቁን ያዢው» እያለች የምታበረታታት እሷ ናት። ይህቺ ሴት በ2016 (እ.ኤ.አ.)፣ ታሂቲ ውስጥ በጋለበችው ማዕበል፣ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የዓመቱን ምርጥ ቱቦ ሽልማት ወስዳለች። ዊግ አላስፈለጋትም።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነን ከቆየን በኋላ ያወቅነው ደግሞ ይሄ ነው፤ ፊልሙ የተነሣው ከመጽሔት ጽሑፍ ነው። ሱዛን ኦርሊን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ‹አውትሳይድ› ለተባለው መጽሔት፣ ማዊ በምትባለው ደሴት ስለሚኖሩ ታዳጊ ሴት ጋላቢዎች ጻፈች። አንዲት ዘጋቢ ሄዳ፣ ልጆቹ አጠገብ ተቀምጣ፣ የሚሉትን ሰማች። ከዚያ ተነሥቶ ነው ይህ ሁሉ ማዕበል እኛ ሳሎን ድረስ የመጣው። ይህን ለዚያች ጓደኛችን ስንነግራት ዝም አለች፤ እናቷ ግን ቀና ብለው አዩዋት።

ፊልሙን ስንወቅስ አንድ ነገር እንጨምር። ማዕበል መጋለብ ፈረንጅ ከመምጣቱ በፊት የሃዋይ ተወላጆች ባህል ነው። ፊልሙ ግን ዋናውን ወንበር ለወርቃማ ጸጉሯ ልጅ ሰጥቶ፣ የአገሩን ልጆች ብዙውን ጊዜ ከዳር አቁሟቸዋል፤ አንዳንዶቹንም ጠብ ፈላጊ አድርጎ። በልጅነታችን ይህን አላየንም። ዘንድሮ ታየን።

ታሪኩን ያረመው ግን እውነተኛው ዓለም ነው። ፊልሙ ሲወጣ በዓለም ሻምፒዮና ዙር ውስጥ ለሴቶች የፓይፕላይን ውድድር አልነበረም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሰርፍ ሊግ ለሴቶችና ለወንዶች እኩል የሽልማት ገንዘብ መክፈል ጀመረ። (እማማ፣ የእራቷ ጥያቄ መመለስ የጀመረው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።) በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ማዊ ላይ የነበረው የሴቶች ውድድር ሻርክ ሰው ስላጠቃ ወደ ፓይፕላይን ተዛወረና ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮናውን ዙር እዚያ ጨረሱ፤ አውስትራሊያዊቷ ታይለር ራይት አሸነፈች። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እዚያው ሰሜን ዳርቻ ያደገችው የሃዋይ ተወላጅ ሞአና ጆንስ ዎንግ፣ በልዩ ግብዣ ገብታ፣ በፍጻሜው የአምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮናዋን ካሪሳ ሙርን አሸነፈች። የሰፈሩ ልጅ በሰፈሯ ማዕበል! ስክሪፕት ጸሐፊ ይህን ቢጽፍ «አበዛኸው» ይባል ነበር።

እንግዲህ የድሮ ወዳጅነታችን ምን ይሁን? እኛ ፊልሙን አሁንም እንወደዋለን፤ ለዚህም አንድ ምክንያት አለን። አን ማሪ አታሸንፍም። ለመጨረሻው ማዕበል ሙሉ አሥር ታገኛለች፤ ወደሚቀጥለው ዙር ግን አታልፍም። በስድስተኛ ክፍል ይህን ስናይ ተናደን ነበር፤ የተበላሸ ፊልም መስሎን። አሁን ግን፣ አንዳንዱን ሥራ ለቅቀን፣ አንዱም ለቅቆን፣ ከተመረቅንበት ሙያ ግማሾቻችን ውጪ ሆነን ስናየው፣ ያ ክፍል ከሁሉም በላይ የምናምነው ክፍል ነው። ፍርሃቷን ለቀቀች፤ ዋንጫው ሌላ ሰው ጋ ሄደ፤ እሷም እየሳቀች ከውሃው ወጣች።

ጓደኛችን የሥራ መልቀቂያዋን ጽፋለች፤ ገና አላስገባችም። እናቷ የመጨረሻ ቃላቸውን ተናግረዋል፦ «የሦስት ወር ኪራይ አስቀምጪ፤ ከዚያ ሂጂ።» እኛም ዕቁባችን ላይ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ ልንሰጣት ተስማምተናል። ኤደን ብትሆን የምታደርገው ይሄን ነበር ብለን።

እናንተስ? በልጅነታችሁ የወደዳችሁትን ፊልም ዛሬ ብታዩት ማን ላይ ትቆማላችሁ? ንገሩን እስቲ። ቸር እንሰንብት!