ያጾመኝ ብርዱ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ያደግሁት በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ጋፋትን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ስለሆነች ነው። የእሳት አገር ናት ማለት ነው፤ እኔ ግን የማስታውሳት በብርዷ ነው። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚያ ደጋ፣ በዐቢይ ጾም ጋቢዬን ተከናንቤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ጥም ትዝ አይለኝም ነበር። ቀደም ብለው ውኃ የሚጠጡትን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በልቤ እንቃቸው ነበር።

ኋላ ሥራ ወደ መተማ ወሰደኝ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ይህች የድንበር ቆላ ከጋፋት 2,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራልና ልዩነቱን አስሉት። ዐቢይ ጾም የሚውለውም ቆላው እጅግ በሚነድበት ወራት ነው። ሌሊቱ እንኳ ስለማያበርድ ከቆርቆሮው ቤት ወጥተን ደጅ ላይ እንተኛ ነበር።

እኔ ግን ማንንም ሳልጠይቅ እንደ ጋፋት ልጾም ተነሣሁ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ራሴን አዞረኝ፤ ላቤ ደረቀ፤ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ያነሡኝ ከደጋ ለቀን ሥራ የወረዱ ልጆች ናቸው። ነጠላዬን በውኃ ነክረው ራሴ ላይ አደረጉልኝ፤ ለራሳቸው ከያዙት ጀሪካንም አጠጡኝ። አንደኛው በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ንስሐ አባትዎን ጠይቀው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልሁ። «ልጄ፣ ቆላ መውረድህን ሳትነግረኝ ይህን ሸክም ማን ጫነብህ?» አሉኝ። ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ለታመመ ሰው እንደሚራራ አስታውሰው፣ ከምግቡ እንድቆይ፣ ውኃውን ግን ሰውነቴ አገሩን እስኪለምድ ድረስ እንድጠጣ አዘዙኝ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ወዲያ ቶሎ ያልበዋል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ወደ ቆላ የምትወርዱ ሁሉ ይህን ዕወቁ። የአገሩ ሰው ሥራውን በማለዳ ይጀምራል፤ ቀትሩን በጥላ ያሳልፋል፤ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይለብሳል፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ውኃውን ያቀዘቅዛል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በኩራቴ አልተማርሁም ነበር።

በዚያ ሰሞን የነቢዩ ዮናስን መጽሐፍ 4ኛ ምዕራፍ ደጋግሜ አነበብሁ። ዮናስ ቅሏ ደርቃ ፀሐይ ራሱን ሲመታው ሞትን ለመነ፤ ከ120,000 በላይ ሰው ስላለባት ስለ ነነዌ ግን አላዘነም። እኔም ስለ ሙቀቱ ሳጉረመርም፣ ያነሡኝ ልጆች ቀኑን ሙሉ ያለ ጥላ እንደሚውሉ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም።

ባለፈው ዓመት ለዐቢይ ጾም ወደ ጋፋት ተመልሼ ነበር። አንዲት እናት ገና በስድስት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ውኃ ሲጠጡ አየሁ። ጋቢዬን እንደተከናነብሁ ቆሜ ነበር፤ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።