ኮርቻው የሚሰበረው የተሰበረ ቀን አይደለም

ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ስናወራ ከርመናል፤ ዛሬ ስለ ኮርቻ እናውጋ። ኮርቻ ደግሞ ምን የግብርና ጉዳይ ነው እንዳትሉኝ። ማዳበሪያው ከመኪና መንገድ እስከ ማሳችሁ በምን ይደርሳል? እህሉስ ከአውድማ ወደ ገበያ? በእኛ ገደላገደል አገር ሕመምተኛውም ቢሆን ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በበቅሎ ነው።

ነገሩን ያሳሰበኝ ግን በቅሎ ሳይሆን ብስክሌት ነው። በቅርቡ አንድ መምህር ወዳጄ የብስክሌቱ መቀመጫ ተሰበረበት። ከመቀመጫው ሥር ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ፤ መሐላቸው ላይ በብሎን ተጠፍንገው ይያዛሉ። የተሰበረው ልክ መያዣው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። መምህሩ ብረቱ የማይረባ ነው ብሎ ሲራገም ነበር። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረን ስናየው ግን ግማሹ ጠቁሮ ዝጓል፣ ግማሹ ደግሞ አዲስና የሚያብለጨልጭ ነው። ስንጥቁ የቆየ ነበር ማለት ነው፤ በመጨረሻው ቀን የተሰበረው የተረፈው ግማሽ ብቻ ነው። ሽቦ በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ስትቆርጡ አስቡት። ጉልበት አይጠይቅም፣ መደጋገም ይበቃዋል። የመምህሩ ብሎን ላልቶ ነበር፤ መቀመጫውም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለታሰረ ክብደቱ ሁሉ አንዲት ቦታ ላይ አርፎ በየጉድባው ያጣጥፋት ነበር። ብሎኑን በየጊዜው ማጥበቅ፣ መቀመጫውንም መሐል ላይ ማሰር ያድነው ነበር።

የበቅሎ ኮርቻም ጠባዩ ይኸው ነው። ሁለቱ የጎን ሳንቃዎች ከፊትና ከኋላው ቅስት ጋር በጠፍር ተሰፍተው ይያያዛሉ፤ መሐል ላይ ያለው ክፍተት የጀርባ አጥንቷን እንዳይነካ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ሳንቃው ከቅስቱ በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ጠፍሩ ሲላላ መጋጠሚያው በየእርምጃው ትንሽ ይነቃነቃል። አንድ ቀን ሙሉ ስትሄዱ ስንት ሺህ እርምጃ እንደሆነ እናንተው ገምቱት። እኔ የማየው ታዲያ ሰው ሁሉ ከተሰበረ በኋላ ወፍራም እንጨት ሲፈልግ ነው። ወፍራሙም ከላላ ይሰበራል፤ ያውም በቅሎዋን በክብደቱ ካደከማት በኋላ።

የሚላላው ጠፍሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በቅሎዋም ትለዋወጣለች እኮ! በኅዳርና በታኅሣሥ ጠግባ የሞላችው በቅሎ በሰኔ ጎኗ ይገባል። ኮርቻው ያው ነው፣ ጀርባው ግን ሌላ ሆኗል። ያን ጊዜ ኮርቻው መወዛወዝ ይጀምራል፤ እንጨቱንም ጀርባዋንም አብሮ ይጎዳል። በከሱበት ወራት መደላድሉን ጨምሩ፣ ሲወፍሩ ቀንሱ። ለመደላድል የመንዝ አሮጌ ባና የሚያህል የለም፤ ሱፍ ላብ ይመጣል፣ አየርም ያስገባል። የማዳበሪያ ጆንያ ግን ከጀርባዋ ጋር አታገናኙ፤ ላቡን ያፍነዋል፣ ኮርቻውንም ያንሸራትተዋል።

ዳገትና ቁልቁለቱ ደግሞ ለብቻው መከራ ነው። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ኮርቻው ወደ ትከሻዋ ይሸሻል፣ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ቅስት ላይ ይወድቃል። ስትመለሱ ወደ ኋላ ይጎተታል። ወደ ፊት እንዳይሸሽ የሚይዘው በጭራዋ ሥር የሚያልፈው ወዴላ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ደግሞ የደረቱ ማሰሪያ። አንዱ ጎድሎ በሆድ ማሰሪያው ብቻ የሚሄድ ኮርቻ ብዙ አያለሁ። የሆድ ማሰሪያውንም ቢሆን ስትነሱ አጥብቃችሁ ዝም አትበሉ፤ በቅሎ ሲያጥብቁባት ሆዷን ነፍታ ትይዛለች። አንድ 10 ወይም 15 ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና እዩት። በጣም ገደል ያለ ቁልቁለት ላይ ወርዶ በእግር መሄድ ነው የሚሻለው፤ ለሰውም ለበቅሎም።

ስትቀመጡም ከመሬት ተነሥታችሁ ሁልጊዜ በግራ እርካብ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ኮርቻውን እንደ እርጥብ ልብስ ነው የሚጠመዝዘው። ድንጋይ ላይ ቆሞ መውጣት ሽማግሌነት አይደለም።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም፣ ኮርቻ ሠሪዎቹ ያውቁታል። ስትገዙ ግን ቅስቱን ገልብጣችሁ እዩት። የእንጨቱ ጅማት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ የጎበጠ ከሆነ፣ ማለትም በተፈጥሮው ከጎበጠ ወይም ባላ ከሆነ እንጨት የተጠረበ ከሆነ፣ ይጠነክራል። ከቀጥ ያለ ሳንቃ በመጥረቢያ የተጎበጠው ግን ጅማቱ መሐል ላይ ስለተቆረጠ እዚያው ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨትም አትቀበሉ። ከሁሉ በላይ ምስማር አታስመቱበት! የስንጥቅ በር የሚከፍተው ምስማር ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ኮርቻ ሂዱና በአንድ እጃችሁ የፊቱን፣ በሌላው የኋላውን ቅስት ይዛችሁ ጠምዝዙት። ሲጥ ሲጥ ካለ ጊዜው ደርሷል። አሮጌውን ጠፍር አውጡና በውኃ የራሰ ጥሬ ቆዳ አጥብቃችሁ እሰሩበት፤ ሲደርቅ ራሱ እየጠበቀ ይሄዳል። ጥላ ሥር ይድረቅ እንጂ ምድጃ ዳር አይሁን፤ እሳት ቆዳውን ያደርቀዋል፣ እንጨቱንም ይሰነጥቀዋል። ቤት ውስጥም ከጭስና ከአይጥ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

የተሰበረውን በሽቦ ጠፍንጎ መጫን ግን ተዉት፣ እባካችሁ። ገጣባ የሚወጣው ከዚያ ነው። በቅሎዋ ባትናገርም ጀርባዋ ይናገራል። ኮርቻውን ስታወርዱ ላቡን ተመልከቱ፤ ዙሪያው ረጥቦ መሐሉ ላይ ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ኮርቻው ክፉኛ ተጭኗታል። ነጭ ፀጉር ካበቀለች ደግሞ ቀድሞ የተጎዳች ናት።

አህያም ያው ናት፣ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። የእኛ አገር አህያ ራሷ የምትመዝነው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ኩንታል ስንጭንባት ራሷን የሚያህል አህያ አሸከምናት ማለት አይደለም እንዴ? ለደህና አህያ 40 ኪሎ ገደማ ይበቃል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን። መደላድሏን ጓሳ ወይም ገለባ የታጨቀ ሁለት ትራስ አድርጋችሁ በጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ አሳርፉት፣ መሐሉ ባዶ ይሁን። በናይለን ገመድ ቆዳዋ ላይ አትሰሩ፣ እንደ ቢላ ይቆርጣል።

ገጣባ የወጣባትን መደላድሉን በቁስሉ ልክ ቀዶ መጫን የተለመደ ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ግን ዙሪያውን ይጫንና ቁስሉን ያሰፋዋል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ትንሽ ጨው አድርጋችሁ እጠቡላት፤ ሽታ ወይም መግል ካለው ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዷት። ቆዳው ተገጣጥሞ እስኪሽር ድረስ አትጫን። ገበያው የማይቀር ከሆነ ለዚያ ሳምንት ከጎረቤት አህያ ተዋሱ።