አራት ሳምንት ስጡኝ

አባዬ ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርስ ቆመ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ ቁልቁል አየኝ። ሰዓቱን ይዞ ከኋላው የሚወጣው ሐኪም «ይበቃል አባት፣ ይረፉ» አለው። እኔ ደግሞ በሆዴ «የታመመው ጉሮሮው፤ ደረጃ ምን አመጣው?» እል ነበር። ያቺ ሐሳቤ ዛሬም ታንገበግበኛለች።

እኛ የአርሲ ሰዎች ነን። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሚበረታባቸው አካባቢዎች ናቸውና በሽታው ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። አባዬን መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አለው፤ ቀጥሎ ገንፎው፤ በመጨረሻ አጥሚት በማንኪያ ሆነ። በአምስት ወር ከ68 ኪሎ ወደ 57 ወረደ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። የታመመው ቧንቧ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ ከቀረው ጋር ይሰፋል። ጭንቁ ያ ስፌት ነው። ወደ ላይ የተሳበው የጨጓራ ጫፍ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። ሰውነት የሚጠግንበት ሲያጣ ደግሞ ስፌቱ ይለቅና ምራቁም ምግቡም ደረት ውስጥ ይፈሳል። ይህ ከአሥር ታካሚ አንዱን ገደማ ያጋጥመዋል። የሳንባ ምችም አለ፤ ደረቱ ተከፍቶ ሕመሙ አላስል ያለው ሰው አክታው እዚያው ይቀርበታል።

ከዚያ የአባዬን ወረቀቶች አንድ በአንድ አሳየን። ከክብደቱ 16 በመቶ ሄዷል። ከ3.5 ማነስ የሌለበት አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን 2.8 ነው። የ30 ዓመት ሲጋራ አለ። የትንፋሹ መለኪያ የነበረው ደረጃም አልተጨረሰም። «አደጋው ከፍተኛ ነው፤ ግን መቀነስ እንችላለን። አራት ሳምንት ስጡኝ» አለ። ሲጋራው ይቁም፤ አንጀቱ ውስጥ በሚገባ ቱቦ ይመገብ፤ በየቀኑ ይራመድ። ትንፋሽ ሲሳብባት ሦስት ኳሶች የሚነሱባት የፕላስቲክ ዕቃም ሰጠን፤ ሳንባው እንዲጠነክር በየሰዓቱ ይለማመድባት ብሎ።

«ካንሰር እየበላው አራት ሳምንት?» አለ ታላቅ ወንድሜ። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ግን አንገቴን ነቅንቄ ተስማማሁ። እህታችን ከሪያድ የላከችው ገንዘብ እጃችን ላይ ስለነበር በሳምንት ውስጥ የሚሠራልን ሌላ ቦታ አገኘን። አባዬ «እናንተ ካላችሁማ ይሁን» አለ። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከቤቱ ጓሮ ሲያጨስ አየሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከተሠራለት በስድስተኛው ቀን ከደረቱ በወጣው ቱቦ የሚወርደው ፈሳሽ ደፈረሰ፤ ሽታውም ተለወጠ። ስፌቱ ለቆ ነበር። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ሳንባ ምች፣ ከዚያ ፅኑ ሕሙማን ክፍል። በ19ኛው ቀን አረፈ።

ብንጠብቅም ስፌቱ ሊለቅ ይችል ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ያ የመጀመሪያው ሐኪም የሚመጣውን ቀድሞ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ መንገዱን አሳይቶን ነበር። እኛ ናቅነው። ኳሶቹ ያሉባት ዕቃ ከነመጠቅለያዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ አንድም ቀን አልተነፈሰባትም። አባዬን የቀበርነው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ሐኪሙ «ያን ጊዜ አምጡልኝ፣ እሠራዋለሁ» ባለን ሳምንት።