ስለ አሮጌዪቱ ተሳቢ ጋሪ መታደስ

አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰው ሁሉ በሁለት ሥራ መካከል ይቆማል። አንደኛው ዓይን የሚያየውን ማሳመር ነው፤ ሁለተኛውም ዓይን የማያየውን ማጽናት ነው። የፊተኛው ቶሎ ያስመሰግናል፤ የኋለኛው ግን ምስጋናው በመንገድ ላይ ክፉ ነገር አለመድረሱ ብቻ ነው። ይህንንም ለመረዳት ከመኪና ኋላ የምትጎተተውን አንዲት ትንሽ ጋሪ መመልከት ይበቃል።

በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለችው ጋሪ የራሷ ታሪክ አላት። በፔንሲልቬኒያ ግዛት በበትለር ከተማ የነበረው ባንታም የተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ የመጀመሪያውን የጂፕ መኪና ናሙና ሠርቶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በሴፕቴምበር 23 ቀን 1940 ለጦር ሠራዊቱ አስረከበ። ነገር ግን ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ታላላቅ ፋብሪካዎች ብዙውን ሥራ ስለ ወሰዱት፥ ባንታም በጦርነቱ ዘመን ከጂፕ ኋላ የሚጎተቱ ትናንሽ ጋሪዎችን ወደ መሥራት ተመለሰ። እነዚህም በሻካራ መንገድ 500 ፓውንድ፥ ይኸውም 227 ኪሎ ግራም ያህል እንዲጭኑ፥ ውሃም ሲሻገሩ እንዲንሳፈፉ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ለሕዝብ ተሽጠው፥ የጦር ስንቅ ይጭን የነበረው ጋሪ የገበሬ ዕቃና የመንገደኛ ድንኳን ጫነ።

በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተ ሰብ አባት ወርዷ 122፥ ርዝመቷም 244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንዲት አሮጌ ተሳቢ ጋሪ በጥቂት ገንዘብ ገዛ። አሳቡም ልጆቹንና ከጎጃም የመጡትን ሽማግሌ አባቱን በ1935 ወደ ተቋቋመው ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወስዶ በድንኳን ለማሳደር ነበር። ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ በመስኮት ወደ ውጭ ከመመልከት በቀር ሥራ አልነበራቸውም። የልጅ ልጆቻቸውም ቋንቋቸውን በግማሽ ስለሚሰሙ፥ ያከብሯቸው ነበር እንጂ አንዳች ነገር አይጠይቋቸውም ነበር።

ሰውየው አስቀድሞ የገዛው ቀለምና ፍራሽ ነበር። በጋራዥ ሥራ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ጎረቤቱ ግን ባየው ጊዜ፦ «አንተ ልጅ፥ ቀለሙ ይቈይ፤ መጀመሪያ እግሯን ፍታ» አለው።

«እሺ ጋሼ፤ ግን ሲገፏት ትሄዳለች እኮ» ቢለው፥ «ባዶውንማ ማን የማይሄድ አለ?» ብሎ መለሰለት።

በክሪክ አንሥተው ቸርኬውን በፈቱት ጊዜ በውስጡ ያለው ኩሽኔታ ግራሶው ደርቆ፥ ብረቱም በሙቀት ጠቍሮ ተገኘ። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ደኅና ሲመስል ጎናቸው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበር። በዚህ ሁኔታ ልጆችን የያዘ መኪና ተከትላ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ኖሮ ወዴት እንደምታደርስ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሰውየው ቀለሙንና ፍራሹን መልሶ በገንዘቡ አዲስ ኩሽኔታ፥ ጎማና ስኮርት ገዛ፤ ኮፒሊያውንም ለወጠ። የበሰበሰውን ወለል በኮምፔርሳቶ ተካ፤ የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የዝገት መከላከያ ብቻ ቀባው። መብራቱ አልበራ ብሎ ቢያስቸግር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መረመረ፤ ጥፋቱም ከነጩ ሽቦ፥ ከጋሪው ብረት ጋር ከሚታሰረው ላይ ተገኘ። ጋሪውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውንም ድቡልቡል ብረት ስፋቱ ከመያዣው ጋር እንዲስማማ አደረገ፤ አንሶ የተገኘ እንደ ሆነ የተያያዘ መስሎ በጕድባ ላይ ይዘልላልና። ሁለቱንም ሰንሰለቶች ከሥር አቋርጦ አሰረ፤ ይህም መያዣው ቢወልቅ ምሰሶው በሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ እንጂ መሬት እንዳይወጋ ነው።

የመጫኛው ቀን በደረሰ ጊዜ፥ በሩ በኋላ ስለ ነበር፥ 40 ሊትሩን ውሃና ከድብ የሚጠበቀውን የእህል ሣጥን ለማውረድ ይመች ብሎ ከኋላ ጫናቸው። በዚያን ጊዜ ዝም ብለው ይመለከቱ የነበሩት ሽማግሌ ተነሥተው፦ «ልጄ፥ ወደ ኋላ ጭነህ አቀበት ልታወጣት ነው? የኋላ ጭነት በቅሎዪቱን ከፊት ያቀላታል፤ የቀለለ ፊት ደግሞ መንገድ አይይዝም» አሉት።

ነገሩ በእርግጥ እንዲሁ ነው። ከጋሪው ጠቅላላ ክብደት ከመቶው ከ10 እስከ 15 ያህሉ በፊተኛው መያዣ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ጋሪው በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ እየተወዛወዘ መኪናውን ያናውጣል። ሰውየው በቤት ያለውን ሚዛን ከመያዣው በታች አድርጎ ቢመዝን፥ 400 ኪሎ የሚሆነው ጭነት ከፊት 15 ኪሎ ብቻ ሆነ። ውሃውንና ሣጥኑን ከመንኰራኵሩ ዘንግ ወደ ፊት ባሳለፏቸው ጊዜ ግን 50 ሆነ። ይህን ያዩ ልጆች «አባባ፥ እንዴት ዐወቁ?» ብለው ጠየቁ። በዚያችም ቤት ሽማግሌው ስለሚያውቁት ነገር ሲጠየቁ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እርሳቸውም በገመዱ የመጫኛን አስተሳሰር አሳዩአቸው፤ ሦስት ጊዜ እየፈቱ ሦስት ጊዜ አሳሰሯቸው።

በመንገድም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ቆመው የመንኰራኵሩን መካከል በእጃቸው ዳሰሱ፤ ኩሽኔታው የታመመ እንደ ሆነ ብረቱ እጅ እስከማያስችል ይግላልና። ለብ ያለ ብቻ ሆኖ ስላገኙት መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሰፈሩበትም ስፍራ ምድጃውን ከድንኳኑ ውጭ አደረጉት፤ በተዘጋ ቦታ የሚነድ እሳት ሽታ የሌለው ገዳይ አየር ያወጣልና።

ጋሪዪቱ ዛሬም ቀለም አልተቀባችም፤ ግራጫ እንደ ሆነች ትጎተታለች። የመጫኑን ሥራ ግን ሽማግሌው ሳያዩት የሚጀምረው የለም።