ለዶማችንም አንቀልባ እንሥራለት

ጥር ሲገባ የቀየትና የመንዝ ደጋ በሰው ይሞላል። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ከገባና በዓሉ ካለፈ በኋላ የተፋሰስ ሥራ ይጀመራል። ገና ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ሰው ሁሉ ዶማውን በትከሻው፣ አካፋውን በእጁ ይዞ ዳገቱን ይያያዘዋል። ስለተሠራው እርከን ብዙ ይነገራል፤ በኪሎ ሜትር ይለካል፣ በስብሰባ ይዘገባል። ብረቱ ከደጃፍ ተነሥቶ ተራራው ጫፍ እስኪደርስ በማን ትከሻ፣ እንዴት ሆኖ እንደሚሄድ ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ቀልድ አለመሆኑን እንያዝ። በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና በላይ ባለችው አንዲት ጥድ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጎርፍ የሚወስደውን አፈር የሚለካ የምርምር ጣቢያ አለ። ያንን የአፈር ጥበቃ ምርምር ያስጀመረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን ገደማ አፈር ታጥቦ እንደሚሄድ ገምቷል። የእኛ አካባቢ ድርሻ በጀማ ወንዝ በኩል አድርጎ ዓባይ ይገባል። ገበሬው ይህንን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልገውም፤ አባቱ ገብስ ያጨደበት ማሳ ላይ ዛሬ ድንጋዩ አግጥጦ ያየዋል። እርከኑ መሠራት አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

በተፋሰስ ልማት መመሪያ ስሌት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ለመሥራት 150 የሰው ቀን፣ የድንጋይ እርከን ከሆነ ደግሞ 250 የሰው ቀን ይያዛል። እስቲ ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን አንድ ሰው 150 ጊዜ ብረት ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ደክሞት ደግሞ 150 ጊዜ ተሸክሞ ይወርዳል ማለት ነው። ሰውየው ዶማውን ገና ሳያነሣ ጉልበቱን መንገዱ ይካፈለዋል። በእኛ ከፍታ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ትንፋሽ በራሱ ሥራ ነው።

አሁን የምንሸከምበትን መንገድ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ዶማ በትከሻ ላይ ሲሆን ብረቱ ከኋላ ይንጠለጠላል፤ እንዳይወድቅ አንድ እጅ እጀታውን ጨብጦ ወደ ታች መጫን አለበት። ትከሻው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን እጅ ጫናም ይሸከማል። ለዚህ ነው ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ከሥር የሚያደርገው፤ ለዚህ ነው በየጥቂት እርምጃው ትከሻ የሚቀያይረው። ሌላኛው እጅ አካፋ ይዟል። እግር ሲያዳልጥ መሬት የሚይዝ እጅ የለም። ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ ፊቱ ትይዩ የሚወዛወዝ ስለት እያየ ነው የሚወጣው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የእናቶች ነገር ነው። ልጅ በአንቀልባ ያዘለች ሴት ጀርባዋ ተይዟል፤ ስለዚህ ዶማው የግድ በእጇ ወይም በራሷ ላይ ይሆናል። ውሃና ስንቅም አለ። ያንን ዳገት ሁለት ሸክም ይዛ ትወጣና ከሌላው እኩል ትቆፍራለች።

ለእኔ ግን መልሱን ያሳየኝ ያው አንቀልባ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር አለ፦ ሸክም ከጀርባ ጋር ሲጣበቅ ይቀላል፣ ከሥር ሲደገፍ አይጎትትም፣ ጠፍሩ ሰፊ ሲሆን ሥጋ አይቆርጥም፣ ሁለት እጅም ነፃ ይሆናል። ለፍቶ፣ ለስልሶ፣ በዛጎል አጊጦ የሚሠራው ያ ቆዳ እጅግ የታሰበበት የእጅ ሥራ ነው። ለልጁ ያሰብነውን ለዶማው ያላሰብነው ለምንድን ነው?

ሌሎች አስበውበታል። ኮሪያውያን ጂጌ የሚሉት የእንጨት ማዘያ አላቸው። ሁለት ባላ ያላቸው የጥድ እንጨቶች ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ተደርገው በአግዳሚ ይያያዛሉ፤ ጀርባ የሚነካው ቦታ በጭድ ይጎነጎናል፤ ባላዎቹ ወደ ኋላ ወጥተው ሸክሙን ይቀበላሉ። አንድ የድጋፍ ዱላ አለው፤ ሲያርፉ ከነጭነቱ ያቆሙበታል፣ ሲነሡ ይመረኮዙታል። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በ1943 በደረሰበት የኮሪያ ጦርነት፣ መኪና በማይወጣው ተራራ ላይ ጥይቱን፣ ስንቁንና ውሃውን ለግንባሩ ያደረሰው ይህንን እንጨት ያዘለ ኮሪያዊ ነው። ጂጌው ፋብሪካ አልጠየቀም፤ የጠየቀው መጥረቢያና ገመድ ብቻ ነው።

እኔም የሦስት ሰው ዶማና አካፋ የሚይዝ እንዲህ ያለ ማዘያ በአገራችን ዕቃ ሠርቻለሁ። አሠራሩን እነግራችኋለሁ፤ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ሁለት ቀጥ ያሉ፣ በደንብ የደረቁ የባሕር ዛፍ እንጨቶች ያስፈልጋሉ። ውፍረታቸው ከዶማ እጀታ አይብለጥ፤ ቁመታቸው ከትከሻ እስከ መቀመጫ ድረስ ይሁን። በሦስት አግዳሚ ይያያዛሉ። ምስማር አትጠቀሙ፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ በመንገጫገጭም ይላላል። መጋጠሚያውን በመጥረቢያ ትንሽ ጎድጎድ አድርጋችሁ በራሰ ጠፍር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ጥላ ላይ ይድረቅ። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከምስማር የበለጠ ይይዛል። ሞፈርና ቀንበር በምራን ተያይዘው በሬ የሚጎትተውን ጉልበት ሲችሉ ያየ ሰው ይህንን አይጠራጠርም።

ቀጥሎ የጀርባው ነው። እንጨት ጀርባ መንካት የለበትም። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የማዳበሪያ ከረጢት ደርባችሁ ሰፍታችሁ እንደ አልጋ ጠፍር ወጥሩት፤ ላዩ ላይ ቁራጭ ባና ስፉበት። የመንዝ በግ ጠጉር ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ቢጫኑት ተመልሶ ይነሣል፣ ቢረጥብም እንደ ጥጥ አይቀዘቅዝም። ማንገቻው አራት ጣት ስፋት ይኑረው፤ ቀጭን ገመድ ትከሻ ይበጣል። ከታች ደግሞ መቀነት አስገብታችሁ ወገብ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብዙ ሰው ይህቺን ይንቃታል፤ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ የምታወርደው ግን እሷ ናት።

ስለቱን እርቃኑን አትሸከሙ። ገበያ ላይ በረባሶ የሚሠራው ሰው ከአሮጌ ጎማ ለዶማውም ለአካፋውም ሰገባ ይቆርጥላችኋል። የዶማዎቹ ብረት ከላይ፣ በሁለቱ ትከሻ መካከል ይሁን፤ እጀታቸው ወደ ታች በሁለት ማሰሪያ ይለፍ። አካፋዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረቡ። ከዚያ አንሥታችሁ ነቅንቁት። ከጮኸ አልታሰረም ማለት ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሸክም ዳገት ላይ ሰው ይጥላል። ስታዝሉም ከመሬት አታንሡ፤ ካብ ላይ አቁማችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ እዘሉ።

ማዘያው ለሁሉም መሣሪያ አይሆንም። ድጅኖ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ከራስ በላይ ያልፋል፣ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ድጅኖውን ለአህያ ተዉት፣ ወይም ከሥራው ቦታ አጠገብ ያለ ቤት ያሳድርላችሁ። ጠቅላላ ጭነቱ ከ15 ኪሎ አይለፍ። ያም ቢሆን የሦስት ሰው ዶማና የሦስት ሰው አካፋ ይይዛል።

ዋናው ቁም ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው። ዶማ ግን ሎሚ አይደለም፤ በእጅ ሲያዝ ለእያንዳንዱም ሸክም ነው። አንድ ጉልበታም የሦስቱን ብረት በደንብ ታስሮለት ቢያዝል፣ ነገ ሌላው ቢተካው፣ ልጅ ያዘለችው እናት በአንቀልባዋ ብቻ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ ብቻ ዳገቱን ይወጣሉ። ወንፈልና ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አዝመራ ላይ ጉልበት እንዋዋሳለን፤ ሸክም ላይ ለመዋዋስ የጎደለን ይህቺ እንጨት ናት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ችግኝ ትወስዳለች፣ በጋ ላይ የውሃ ጀሪካን።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በየቀበሌው ያላችሁ የልማት ሠራተኞች፣ እርከኑን በኪሎ ሜትር ስትለኩ መንገዱንም ልኩ። በቴክኒክና ሙያ የእንጨት ሥራ የምታስተምሩ ወገኖች፣ ተማሪዎቻችሁ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጎን ለጎን ይህንን ይሥሩ፤ ከእኔ የተሻለ አድርገው እንደሚሠሩት አልጠራጠርም። ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ ወጥታችሁ ከተማ ያላችሁ ልጆች፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ከወንድሞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ሥሩና ትታችሁ ተመለሱ። ለየቡድኑ አንድ ማዘያ ቢኖር በመጪው ጥር ብዙ ትከሻ ያርፋል። እንጨቱ ደጃችን አለ፣ ጠፍሩም አለ፣ ባናውም አለ። እንሥራው።