ቀይ እስክሪብቶ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ባለፈው ዓመት ያልተረተብኝ ወዳጅ የለም። የተረቱብኝም ያለ ምክንያት አይደለም። በ51 ዓመቴ፣ የታርኔት ቤታችን ዕዳ ገና ሳያልቅ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ከምሠራቸው አምስት ሌሊቶች ሁለቱን ትቼ የድርሰት ጥበብ ለመማር ለማስተርስ ተመዘገብኩ። ባለቤቴ «በስተርጅና ደብተር?» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ከተረቱ ሁሉ ይከብድ ነበር።

አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ 14 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። የሰውን ድርሰት ሳርም ኖርኩ እንጂ የራሴን አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ልቤን ያነሣሣው የዳኛቸው ወርቁ ታሪክ ነው። ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ፣ እንደኔው አስተማሪ ነበር። አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የድርሰት ጥበብ ተማረ። በአማርኛ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አስተማሪ ተመልሶ ተማሪ ቢሆን ነውር እንደሌለው ከእርሱ ተረዳሁ።

ክፍያው በመንግሥት የትምህርት ብድር ተሸፈነ። ብድር ግን ብድር ነው፤ ገቢ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ መከፈል ይጀምራል። የቤት ሥራዬን የምሠራው ባቡር ላይ ነው፤ ከታርኔት ተነሥቼ ፉትስክሬይን አልፌ ከተማ እስክገባ ድረስ። የታርኔት ጣቢያ በ2015 እ.ኤ.አ. ባይከፈት ኖሮ ይህን ማሰብም አልችልም ነበር።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ስለ ስደት ጻፍኩ። ያልጨመርኩት ትልቅ ቃል አልነበረም። መምህርቷ መለሰችልኝ፤ ከግርጌው «ቃላቱ ያምራሉ፤ አንተ ግን የት አለህ?» የሚል አለበት። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናትና ሦስት ቀን ተናደድኩ።

በአራተኛው ሌሊት ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ትዝ አለኝ። «የንጽሕና ጥቅም» በሚል ርዕስ ድርሰት አዝዤ ሌሎቹ ሁሉ «ንጽሕና ለጤና እጅግ ጠቃሚ ነው» ብለው ሲጀምሩ፣ እርሱ እናቱ አንዱን ሳሙና በክር አራት ቦታ ቆርጣ ለልጆቿ እንዴት እንደምታካፍል ጻፈ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ወጥተሃል» ብዬ ከአሥር ሦስት ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ድርሰት ሲጽፍ እንደ ሌሎቹ ሆነ፤ እኔም ስምንት እሰጠው ጀመር።

ከክፍሉ ሁሉ ከርዕስ ያልወጣው እርሱ ብቻ እንደነበረ ለመረዳት ባሕር መሻገርና ቀይ እስክሪብቶ በራሴ ወረቀት ላይ ማየት አስፈለገኝ።

ሁለተኛውን ጽሑፌን ስለዚያ ልጅ ጻፍኩ። ከማስረከቤ በፊት ማታ ወጥ ቤት ተቀምጬ ለባለቤቴ በአማርኛ አነበብኩላት። ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አዳመጠችኝ። ስጨርስ «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። አላስታወስኩትም። እስከ ዛሬም አላስታውሰውም።

ምናልባት ሥራዬን ትቼ የከሰርኩትን ገንዘብ ትምህርቱ አይመልስልኝ ይሆናል። ባለቤቴ ግን ከዚያች ማታ ወዲህ ስለ ደብተሬ ተርታ አታውቅም፤ «የሚቀጥለው ደረሰ?» ትለኛለች።

አንተ የሳሙናው ልጅ፣ ይህች ጋዜጣ ባለህበት አገር እጅህ ከገባች፣ ያ ሦስት ስሕተት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መጻፍህን አትተው።

ቸር ይግጠመን።