የማይጠጣ እንግዳ በበዓል ቤት

ዓመት በዓል ሲቃረብ ልጅ ስለ ልብሱ፣ እናት ስለ ጓዳዋ፣ ነጋዴም ስለ ገበያው ያስባል። ዳሩ ግን ሁሉ በሚደሰትበት ቀን የሚፈራ ሰው አለ፤ እርሱም መጠጥን በብዙ ድካም የተወ ሰው ነው። ወይን በራሱ የተረገመ አይደለም፤ ጌታችን በቃና ሠርግ ውኃውን ወይን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ለአንዱ የደስታ ጽዋ የሆነው ለሌላው የውድቀት በር ይሆናልና፣ የበዓል ቤት ለሁለቱም የሚበቃ ሊሆን ይገባዋል።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚኖር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። አዋሽ የባቡር ልጅ የሆነች ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር በቀድሞው ዘመን ከጅቡቲ ያለውን መንገድ በሦስት ቀን ሲፈጽም፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ዛሬም ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው መኪና በዚያ ያልፋል። መንገደኛ በሚያድርበት ስፍራ ደግሞ መጠጥ ቤት አይጠፋም። ሾፌሩም ሙቀቱንና ድካሙን እያመካኘ ከጠላ ወደ ጠጅ፣ ከጠጅም ወደ አረቄ ደረሰ።

አንድ ዓመት በገና ማግስት፣ የሌሊቱ ስካር ገና ሳይለቀው፣ ወደ ሰመራ ሊነሣ ሲል የመኪናውን ቁልፍ አጣ። ቤቱን ሁሉ በረበረ፤ በሚስቱም ላይ ጮኸ። ከቀትር በኋላ ስካሩ ሲበርድለት የአሥር ዓመት ልጁ ቁልፉን ከበርበሬ ማሰሮ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው፤ አንዲት ቃልም አልተናገረችም። ሰውዬውን ከስድብ ይልቅ ያ ዝምታ ወጋው። በማግስቱ ወደ ሐኪም ሄደ። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲተው እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሰውነቱም ሊንዘፈዘፍ ይችላልና፣ ብቻውን ሳይሆን በሐኪም ጥበቃ ተወ።

ከዚያ ወዲህ ፋሲካን፣ እንቍጣጣሽንና መስቀልን ታምሜአለሁ እያለ በሩን ዘግቶ አሳለፈ። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ዐረፈ፤ በጾም አልጠጣም ላለ ሰው ምክንያቱን የሚጠይቀው የለምና። ነገር ግን የጾሙ ቀን እያለቀ በሄደ ቍጥር ፍርሃቱ በረታ። የአዋሽ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን እንደሚያለብስ የሚያውቅ የአፋር እረኛ፣ ውኃው ሳይደርስ ከብቱን ወደ ከፍታ ያወጣል። ሾፌሩም እንደዚሁ አሰበና ለታኅሣሥ 29 ቀን ወደ ሰመራ የሚሄድ ጭነት ለምኖ ተቀበለ።

በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ተጕዞ፣ ከአሳይታ ቀጥላ የአፋር ክልል መቀመጫ ወደ ሆነችው ከተማ ደረሰ። ጭነቱን የተረከበው አፋር ወደ ቤቱ ወስዶ አስተናገደው። ወተት አቀረበለት፤ ዳጉ በሚሉትም ልማዳቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱም ወሬ ተለዋወጡ። በዚያ ቤት ማንም፣ ስለ ምን አትጠጣም፣ ብሎ አልጠየቀውም፤ የሚጠጣ አልነበረምና።

ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። የንስሐ አባቱ ያስተማሩት የሬካባውያን ታሪክ ትዝ አለው። እነርሱ በድንኳን የሚኖሩ፣ አባታቸው ኢዮናዳብ ስላዘዛቸውም ወይን የማይጠጡ ነበሩ፤ ነቢዩ ኤርምያስ የወይን ማድጋ ባቀረበላቸው ጊዜ እንቢ አሉ። ዳሩ ግን እንቢ ያሉት ከወንድሞቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከቤተ ሰባቸው ሁሉ ጋራ ነበር። እርሱ ግን በገዛ ወገኑ ማዕድ ብቻውን እንቢ ማለት አለበት። በየበዓሉ ወደ ሰመራ መሸሽም አይቻልም፤ ልጁ ያን ገና ያለ አባት ውላለችና።

ጥር 11 ቀን ታቦቱን ሸኝቶ ሲመለስ ከልጁ ጋራ ወደ ጎረቤት ቤት ተጠራ። ባለቤቲቱ ጠጅ የሞላ ብርሌ አቀረቡለት።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ አልጠጣም» አለ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን! በጥምቀት ቀን አንዲት ብርሌ ምን ታደርግሃለች?» አሉት።

ተጋባዡ ሁሉ ወደ እርሱ ተመለከተ፤ አንዳንዱም ሣቀ። እጁ ወደ ብርሌው ሲያመራ ልጁ ዐይኗን ወደ መሬት አቀረቀረች። በዚያን ጊዜ በማዕዱ ራስ ተቀምጠው የነበሩት የንስሐ አባቱ ብርሌያቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣ ለሙስሊም ጎረቤቶች ተብሎ በዚያው ዕለት ወደ ተበረዘው ብርዝ አመለከቱ።

«ልጄ፣ ለእኔ ከዚያ ቅጂልኝ፤ ለእርሱም ጨምሪለት» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከተቀመጡት ሁለት ሦስቱም ከብርዙ ጠየቁ፤ ጨዋታውም ወደ ታቦቱና ወደ ፈረስ ጕግሱ ተመለሰ።

ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ልጅቱ በዋዜማው የሸሸገችውን ቁልፍ ከማሰሮው አውጥታ በምስማሩ ላይ ሰቀለችው። አባቷ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠጣ ቢኖርም እስከዚያች ማታ ድረስ አላመነችውም እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቀ።

አባቶቻችን ሃይማኖቱ ለማይፈቅድለት እንግዳ ብርዝ ማዘጋጀትን ዐውቀዋል፤ ጕልበቱ ለማይፈቅድለት ወንድም ግን ገና አላሰብንለትም። እንግዲህ በበዓል ቤት ሁለት ማድጋ ይቅረብ፤ አሳላፊውም የትኛውን ልቅዳ ይበል እንጂ ስለ ምን ብሎ አይጠይቅ። በማዕድ ራስ የሚቀመጥም ሰው ጽዋውን ሲያነሣ የሁሉ ዐይን ወደ እርሱ መሆኑን ያስተውል። በሞቴ የሚለው ቃል ለፍቅር የተነገረ ነውና የወንድም መውደቂያ አይሁን።